ጓዜ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ናት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ልጅ ጓዝ ናት ወይስ አይደለችም? ቶሎ አትመልሱ። በዚህች ጥያቄ የተነሳ አንድ ሰኞ ጠዋት ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ከካድሬ ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ያሸነፍኩትም እኔ ነኝ። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ጉራ ነው።

ስሜ ሉባባ ነው። አጋሮ ተወልጄ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያደግሁ ነኝ። በደርግ ጊዜ አንድ ቡና ማበጠሪያ ቤት ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ተደርድረን ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ የነቀዘውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። እጄ ፈጣን ነው። ምላሴም እንደዚያው፤ እናቴ «የዚህች ልጅ ምላስ ከእሷ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትል ነበር፣ አላህ ይማራትና።

ባሌ የቡና መኪና ሾፌር ነበር። ልጃችን ሀያት በተወለደች በሦስተኛ ወሯ መኪናውን አጋሮ አቁሞ ጠፋ። በኋላ በሱዳን በኩል ወጥቷል፣ ካርቱም ታይቷል የሚል ወሬ መጣ። ለእኔ አንዲት መስመር ደብዳቤ አልመጣችም። ለቀበሌው ግን የእሱ መጥፋት የእኔ ጥፋት ሆነ። በየስብሰባው «ባልሽስ?» ይሉኛል። «ካገኛችሁት ለእኔም ንገሩኝ፤ የምለው አለኝ» እላለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ የተመረጥኩት። ሌላ ጊዜ የኮከብ ሠራተኛ ሽልማት ብርድ ልብስ ወይም ሬዲዮ ነው። የዚያን ዓመት ግን አዳራሽ ውስጥ ስሜ ተጠራና «ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የአሥራ ስምንት ቀን ጉብኝት! ሞስኮ፣ ሌኒንግራድ፣ ኪየቭ!» ተባለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት «ለሀያት ምን እይዝላታለሁ?» የሚለውን ነው። ወላሂ፣ ትቻት መሄድ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣ። አንድ ዓመት ከአሥር ወሯ ነበር፤ ገና ጡት አልጣለችም።

የግቢያችን ተከራይ ወርቅነሽ ትባላለች። ጎጃሜ ናት፤ ጅማ ጤና ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ እኔ ሥራ ስሄድ ሀያትን የሚይዙልኝ እማማ እሳቸው ናቸው። ወርቅነሽ የተማረችው ኪየቭ ስለሆነ ያን ሳምንት በሙሉ እንደ አዋቂ ቤት ደጇን ጠናሁ። በደብተር ወረቀት ላይ ሦስቱን ከተማ በመስመር አገናኝታ ሣለችልኝ።

«ሞስኮ ስድስት ቀን። ከዚያ በባቡር ሌኒንግራድ፤ ባቡሩ አልጋ አለው፣ ሀያትን ከግድግዳው በኩል አስተኚያት። ከዚያ ኪየቭ» አለችኝ።

«የሽንት ጨርቅ የት አጥባለሁ?»

«ሆቴሉ ውስጥ ሙቅ ውሃ አለ። ሙዚየም ሲወስዱሽ ጠዋት ይሁን በዪ፤ አዝለሻት ትተኛለች። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ በሰኔ ሌኒንግራድ ፀሐይ አትጠልቅም ማለት ይቻላል።»

«እንዴት አትጠልቅም?»

«ብርሃን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ።»

«ያ ረቢ! ታዲያ ልጄ መቼ ትተኛለች? መግሪብስ መቼ ነው የሚሰገደው?»

ወርቅነሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ በወረቀቱ ላይ «ጥቁር ጨርቅ ለመስኮት» ብዬ ጻፍኩ። መጻፍ የቻልኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማንበብ ያስተማሩኝ እነሱ፣ የደርግ ሰዎች፣ መሆናቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ሰርቦ ያለችው እህቴ ጩኮ ሠርታ ላከችልኝ። ጩኮ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ዱቄት ነው፤ የኦሮሞ መንገደኛ ስንቁ እሱ ነው፣ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም። ለጉዞ ሰነድ ፎቶ ስነሳ ሀያት ከጭኔ አልወርድ ብላ አለቀሰች፤ ፎቶ አንሺው ሰለቸውና ሁለታችንን አንድ ላይ አነሳን። ሰነዱም እንደዚያው ወጣ፤ እኔ ከነልጄ። ነገሩ ሁሉ ተስተካክሎ ነበር፣ እስከ ዓርብ።

ዓርብ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ካድሬ ጠራኝ። ጓድ በለጠ ይባላል፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ግን «አንቺ» ይለኛል፤ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ማኅተም የተደረገበት ደብዳቤ አለ።

«እንኳን ደስ አለሽ፤ ሰኞ ትበሪያለሽ። ልጅቷን ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ትረከብሻለች።»

«ለምን ትረከበኛለች? ልጄ ከእኔ ጋር ናት።»

«አይ፣ ልጅቷ እዚህ ትቆያለች» አለ።

«ጓድ፣ ጡት አልጣለችም እኮ።»

«ትጥላለች።» እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ሉባባ፣ በግልጽ እንነጋገር። ባልሽ በሱዳን ወጥቶ ቀረ። አንቺ ደግሞ በቦሌ ወጥተሽ ብትቀሪስ? ልጅቷ እዚህ ካለች እንደምትመለሺ እናውቃለን።»

ይህን ሲል አልጮኸም፤ እንደ ደግ ሰው ነው የተናገረው።

«መያዣ ማለትዎ ነው?»

«ቃሉን አታክብጂው።»

«ልጄን መያዣ አድርጌ ነው ሞስኮን የማየው?»

«ካልፈለግሽ ቅሪ። ኮከብ ሠራተኛ የአብዮቱን ሽልማት አልቀበልም ብላ ቀረች ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ጅማ ውስጥ በዚያ ዘመን ትርጉሙን የማያውቅ አልነበረም። ብሄድ ልጄ መያዣ ናት፤ ብቀር እኔ ፀረ አብዮት ነኝ። ደብዳቤውን ሰጠኝና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ወርቅነሽ ሁሉን ሰማችኝና በሩን ዘጋች። «ሉባ፣ ዝም አይነቅዝም። ሂጂ፣ ቶሎ ተመለሺ። እማማ በየቀኑ ማቆያው ድረስ ሄደው ያዩልሻል» አለችኝ።

«ቡና ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው የሚነቅዘው» አልኳት። «የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ለእኔ አትንገሪኝ።»

አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ደብዳቤውን አነሳሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከላይ ጀምሬ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ታች ስደርስ እንዲህ ይላል፤ «ተጓዧ ከነጓዟ ከጅማ ተነስታ ወደ ሞስኮ እንድትጓጓዝ፣ የጓዟ ክብደትም ከሃያ ኪሎ እንዳይበልጥ እናሳስባለን።»

«ወርቄ» አልኳት፣ «አንቺ ከባሕር ዳር ወደ ጅማ ስትዛወሪ ደብዳቤሽ ምን ይል ነበር?»

«ከነጓዟ ተዛውራለች።»

«ጓዝሽስ ምን ነበር?»

ወርቅነሽ አየችኝ። ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ዞረች፤ እማማ ሀያትን እሹሩሩ እያሉ ነው። «እማማ... እና ፍራሼ» አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሉባ! ጸሐፊዋ የዝውውሩን ደብዳቤ ነው የገለበጠችው! እነሱ ‹ከነጓዟ› ሲሉ ቤተሰብ ማለታቸው ነው እኮ!»

«ታዲያ የእኔ ቤተሰብ ማነው? አንዲት ናት።»

«ያስሩሻል።»

«በፈረሙት ወረቀት?»

ቅዳሜ ጠዋት ሀያትን አዝዬ ማበጠሪያ ቤቱ ሄድኩ። የሚዛኑ ሹም አባ ፊጣ ይባላሉ፤ የጅማ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ። በእጃቸው ያልተመዘነ ቡና ከቤቱ አይወጣም፤ በሚዛን ጉዳይ ለወንድማቸውም አያደሉም።

«አባ ፊጣ፣ አንድ ነገር ይመዝኑልኝ።»

«ምን?»

ሀያትን ከጀርባዬ አውርጄ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳት። የወተት ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ሳቀችላቸው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። ለቃሚዎቹ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ዙሪያችንን ከበቡን።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ የታዘዝኩት ምንድን ነው? የመጣውን መመዘን። ቢስሚላህ።» ሚዛኑን አስተካከሉ፣ ጎንበስ ብለው አዩ። «አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

ከዚያ የሚዛን ወረቀቱን አወጡና እንደ ቡና መዘገቧት። «ዓይነት፦ ጓዝ። ክብደት፦ 11.5 ኪሎ። ባለቤት፦ ሉባባ።» ማኅተሙን እፍ ብለው ሲመቱት ሴቶቹ ሳቁ። አባ ፊጣ አልሳቁም። «ስምንት ኪሎ ተኩል ቀርቶሻል፤ በልክ አሽጊ» አሉኝ።

«ቢጠይቁዎትስ?»

«ሚዛን ምን ይፈራል? ኪሎውን ነው የሚናገረው።»

እሑድን ሙሉ ሳሽግ ዋልኩ። ጩኮ፣ የሽንት ጨርቅ፣ ጥቁሩ የመስኮት ጨርቅ፣ የልጅቷ ልብስ፣ የእኔ ሦስት ቀሚስና ሁለተኛ ጫማ። በማበጠሪያ ቤቱ ትንሿ ሚዛን ደጋግሜ አስመዘንኩት፤ ስምንት ተኩል ላይ ልክ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ስደርስ ዳኮታዋ፣ ትንሿ አውሮፕላን፣ ቆማለች። ጓድ በለጠም ቆሟል። አጠገቡ ከማቆያው የተላከች ሞግዚት ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቃለች፤ ምስኪን ሴት ናት፣ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። ወርቅነሽ ልትሸኘኝ መጥታለች፤ ከለቃሚዎቹም አምስት ስድስቱ ከአጥሩ ውጭ ተሰልፈዋል።

«ስጪያት» አለ ጓድ በለጠ።

በአጠገቡ አልፌ ወደ ዕቃ መዛኙ ሄድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የሄድኩት። ደብዳቤውንና የአባ ፊጣን ወረቀት አንድ ላይ ሰጠሁት። መዛኙ አነበበ፣ ሀያትን አየ፣ እንደገና አነበበ። «ከነጓዟ ይላል...» አለ ለራሱ።

ጓድ በለጠ መጥቶ ወረቀቱን ነጠቀው። ሲያነብ ፊቱ ቀላ።

«ልጅ ጓዝ አይደለችም!»

«ታዲያ ምንድን ናት? መያዣ?»

ድምፄን ሆን ብዬ ከፍ አደረግሁት። ሰልፍ ላይ ያለው መንገደኛ ሁሉ ዞረ፤ ከአጋሮ የመጡ ነጋዴዎች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ አንድ የወታደር መኮንን ከነሚስቱ።

«ሉባባ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። የጸሐፊ ስህተት ነው» አለኝ።

«ጸሐፊዋ መሳሳት ትችላለች። የፈረሙት ግን የእርስዎ አለቃ ናቸው። ማኅተሙስ የማነው? እንግዲህ የአብዮቱ ማኅተም ተሳስቷል ይበሉ፣ እዚህ ሰው ፊት አፍዎን ሞልተው ይበሉ፤ እኔም ልጄን አዝዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። መኮንኑም ይስሙ።»

መኮንኑ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሚስቱ ግን እኔን ነበር የምታየው፤ በዓይኗ «በርቺ» ያለችኝ መሰለኝ። ያን ቃል ከአፉ ማውጣት ለጓድ በለጠም አደጋ ነው፤ ስሜን ሊጽፍበት የነበረው መዝገብ የእሱንም ስም ሊጽፍ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ያወቅሁትን ፍርሃት ፊቱ ላይ አየሁት። አላዘንኩለትም።

«ይመዘን» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ከሃያ ኪሎ አንዲት ግራም ብታልፍ ግን አትሄድም።»

ሀያትን ከነጥቅሏ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳት። መዛኙ ጎንበስ አለ።

«ሃያ አንድ ተኩል።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። እንዴት? አባ ፊጣ አይሳሳቱም። ወርቅነሽን ዞሬ ሳያት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ካፖርቱ!» አለች፣ «ሌሊት እንዳይበርዳት ብዬ የልጅ ካፖርት ከጥቅሉ ሥር ሻጥ አድርጌልሽ ነበር፤ ኪየቭ እያለሁ የገዛሁት... ወይኔ ልጄን!»

ጓድ በለጠ ፈገግ አለ። «እንግዲህ ሚዛን አይዋሽም» አለኝ።

«አይዋሽም» አልኩት፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጥቅሉን ፈታሁ። ካፖርቱን ይዤ ለትንሽ አሰብኩ። ከዚያ የራሴን ሦስት ቀሚስ አወጣሁና ለወርቅነሽ ወረወርኩላት። ሁለተኛ ጫማዬንም አስከተልኩ። ጥቅሉን አስሬ መለስኩት። መዛኙ ጎንበስ አለ፤ ሰልፈኛው ሁሉ አብሮት ጎንበስ ያለ መሰለኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል! ያልፋል!»

ከአጥሩ ውጭ እልልታው ቀለጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሀያትን አዝዬ፣ ደብዳቤዬን ከእጁ ተቀብዬ በጓድ በለጠ ፊት ሳልፍ «ደህና ይቆዩ ጓድ» አልኩት፣ በትሕትና። ሞስኮን፣ ሌኒንግራድን፣ ኪየቭን ለብሼ በሄድኩት አንድ ቀሚስ ነው ያየሁት። ማታ አጥባለሁ፣ ጠዋት እለብሳለሁ።

አዲስ አበባ ላይም ያችኑ ደብዳቤ አሳየሁ፤ ሰነዱ ላይ ያለው ፎቶም ከነልጄ ነው። የቡድናችን መሪ ስለቸኮለ «ከነጓዟ ነች፣ አሳልፏት» አለ። በቃ።

ስለ ጉብኝቱ ብዙ አልተርክም። ወርቅነሽ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ሌኒንግራድ ፀሐይዋ አልጠልቅ አለች፤ ጥቁሩን ጨርቅ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩና ሀያትን አታለልኳት። መንገድ ላይ የማላውቃቸው የሩሲያ አሮጊቶች እያስቆሙ ይቆጡኛል፤ ለካ «የልጅቷን ጆሮ ሸፍኚ» ነው የሚሉኝ። እኔም በኦሮምኛ እመልስላቸዋለሁ፤ ተግባባን። ኪየቭ ላይ ግን አንድ የአገራችን ተማሪ ቀረብ ብሎ «እህቴ፣ ልጅሽ በእጅሽ ናት። ምን ይመልስሻል? ቅሪ» አለኝ በሹክሹክታ።

ሳላስብ አልቀረሁም። አንድ ሙሉ ቀን አሰብኩ። ከዚያ ተመለስኩ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ሞኝ ነሽ» ይለኛል። እኔ ግን በዚያ ቀን የገባኝ ነገር አለ፤ ሀያት ጅማ ታስራ ቢሆን ኖሮ መመለሴ የእነሱ ይሆን ነበር። አሁን ግን ማንም ሳይጎትተኝ፣ ልጄን አዝዬ፣ ቤቴ ስለሆነ ብቻ ገባሁ። መመለሴ የራሴ ሆነ። ይህን የማይገባው ሰው ካለ፣ ልጁን መያዣ ስጠን ተብሎ አያውቅም ማለት ነው።

ጅማ ስመለስ ጓድ በለጠ አልነበረም። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል፤ ከነጓዙ። ወላሂ ደብዳቤው እንዲያ ነው ያለው፤ ለቃሚዎቹ በሳቅ እየፈረሱ ነገሩኝ።

ሌላም ነገር ጠበቀኝ። በፊት ለቃሚ ልጅ ይዛ መግባት ክልክል ነበር፤ የምታጠባ እናት ጡቷ በሥራ ሰዓት ሞልቶ ቀሚስ ሲያረጥብ ዝም ብለን እንለቅም ነበር። እኔ በበረርኩ ማግስት አሥራ አራት ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው በሩ ላይ ቆሙ አሉ። ዘበኛው «ይህ ምንድን ነው?» ሲላቸው «ጓዛችን ነው» አሉት። ኃላፊዎቹ ሦስት ቀን ተሰበሰቡ፣ ተሟገቱ፤ በአራተኛው ቀን አሮጌው የጆንያ ማስቀመጫ ክፍል ተጠርጎ ለልጆቹ ተሰጠ። ሥራ በገባሁ ቀን የልጅ ለቅሶ ከማበጠሪያው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰማኝ ቆሜ አለቀስኩ፤ ይኼኛውን የደስታ በሉት።

እናንተ አንባቢዎች፣ ምናልባት ዛሬም በሆነ ጠረጴዛ ፊት ቆማችሁ «ልጅህን ተው፣ ልጅሽን ተዪ፣ ለጥቂት ቀን ነው» የሚላችሁ ደግ ፊት ያለው ሰው ይኖር ይሆናል። ወረቀቱን ውሰዱና እስከ ታች አንብቡት። ጽፈው የሰጧችሁን እነሱም አላነበቡት ይሆናል።

በተመለስኩ ሳምንት አባ ፊጣ ሀያትን ተቀበሉኝና ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት። ጎንበስ ብለው አዩ።

«አሥራ ሁለት። ግማሽ ኪሎ ጨምራለች» አሉ። የድሮውን ወረቀት ቅጂ ከመሳቢያ አውጥተው ሊያስተካክሉት እስክሪብቶ አነሱ፣ ግን «ዓይነት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህስ ምን ልበል? አሁንም ጓዝ ናት?»

«አይደለችም» አልኳቸው። «ልጄ ናት ብለው ይጻፉ።»